እንዶድን ለዓለም ያሳወቁት ሳይንቲስት፦ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የክፍት ዕውቀት ጥያቄ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በአጥር ጥግ፣ በጓሮና በወንዝ ዳር የሚበቅል ተንጠላጣይ ቁጥቋጦ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው አንዶዴ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ ይለዋል። የፋብሪካ ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በዚህ ተክል ፍሬ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ የጥጥ ልብስንም ያጠራል። ዕውቀቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ ስታስተላልፈው የኖረ የጋራ ሀብት ነበር።

ይህን የጋራ ሀብት ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ የወሰዱት፣ ከልብስ ማጠቢያነት አልፎ በሽታን መከላከያ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቢቆጠርም በሕይወት ሳሉ የገጠማቸው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ክርክሩ የአንድ ተክል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዕውቀት ከማን ይገኛል፣ ማን ይመረምረዋል፣ ባለቤቱስ ማን ነው የሚል ነበር። ጥያቄው ገበሬውን በእንሰቱና በበጉ፣ የከተማውን ወጣት ደግሞ በእጁ በያዘው ስልክና በሚማርበት ኮምፒውተር በኩል ይነካዋል።

የድሃውን ሰው በሽታ የመረጡ ተመራማሪ

አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጉዘው፣ በሰው አካል ውስጥ ተጠግተው በሚኖሩ ተሕዋስያን ጥናት ላይ አተኩረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በወቅቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ያዙ። ለምርምር የመረጧቸው በሽታዎች የገጠሩን ሰው የሚያጠቁና የመድኃኒት ኩባንያዎች ብዙም ዞር ብለው የማያዩአቸው ነበሩ። ቁንጭርን የሚያመጣው የሌሽማኒያ በሽታ አንዱ ሲሆን፣ ስማቸው ከሁሉ በላይ የተሳሰረው ግን ከቢልሃርዚያ ጋር ነው።

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ የበሽታውን ትል ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በሽተኛው በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ወይም ከሽንቱ ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይራባል። ከዚያ በሺዎች ተባዝቶ ይወጣና ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ወይም መስኖ የሚያጠጣውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሕመሙ ዝግ ያለ ነው፤ አንጀትን፣ ጉበትንና የሽንት ፊኛን እየጎዳ ይሄዳል፤ ሕፃናትን ያቀጭጫል፤ አዋቂውንም ጉልበት ያሳጣዋል።

እንደ ዶዮገና ያሉ ብርዳማ ደጋዎች ለዚህ በሽታ መሰራጨት እምብዛም አይመቹም። ሆኖም የከምባታና የሀዲያ ወጣቶች ለአሥርተ ዓመታት ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ለጉልበት ሥራ ሲወርዱ ኖረዋል። የወንጂ የመስኖ ቦዮች ለቀንድ አውጣው መኖሪያ እንደሆኑና በሽታው በሠራተኞችና በልጆቻቸው ላይ እንደተገኘ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ስለዚህ ቢልሃርዚያ ለደጋው ቤተሰብም ሩቅ በሽታ ሆኖ አያውቅም።

በአድዋ ወንዝ ዳር የታየው

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ በአድዋ አካባቢ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ። ከማጠቢያው በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አይቶ ሊያልፈው ይችል ነበር። አክሊሉ ግን ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ተቀብለው ሕይወት ባላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ እዚያው ሞከሩት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

ግኝቱ የተጀመረው እንግዲህ ከውጭ በመጣ መሣሪያ አልነበረም። እንዶድን መርጠው፣ አድርቀውና ወቅጠው ሲጠቀሙበት ከኖሩ ሴቶች ዕውቀትና ያንን ዕውቀት ከማይንቅ ዓይን ነበር። ሳይንሱ የጨመረው ደግሞ ጥርጣሬንና ልኬትን ነው። በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ የፍሬው ዱቄት በተለያየ መጠን ተለክቶ በውሃ ተበጠበጠ፤ ምን ያህሉ በስንት ሰዓት ስንት ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተመዘገበ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ለማንኛውም አንባቢ ይፋ ሆነ። አክሊሉ ያገኙትን ደብቀው ገበያ አልፈለጉለትም፤ ሌላው ሰው አንብቦ እንዲደግመው፣ ስህተት ካለበትም እንዲያርመው በይፋ አወጡት።

በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። የኢንስቲትዩቱ ዓላማ የአገሪቱን በሽታዎች በአገሪቱ ልጆች፣ በአገሪቱ መሬት ላይ ማጥናት ነበር። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ በሽታ ናሙና ወደ አውሮፓ ተልኮ፣ መልሱ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ መልክ መመለሱ የተለመደ ነበርና ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሙከራው በአድዋ ብቻ አልቆመም ቢባልም ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድ በየጊዜው እየተረጨ የሕዝቡ ጤና ተከታተሉ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የነበረው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አለ። ለዚህ የዋለው ዋና ግብዓት ከውጭ ምንዛሪ ጋር ያልተያያዘ፣ ከጓሮ የሚለቀም ፍሬ ነበር።

ከፍሬ ወደ ሰብል

አክሊሉ ብቻቸውን አልሠሩም። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከጎናቸው ነበሩ። አርሶ አደር በሚገባ የሚያውቀውን ነገር ዶክተር ለገሠ በሳይንስ አሳዩ፤ እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች በርካታ የእንዶድ ዓይነቶች ተሰብስበው ጎን ለጎን ተተከሉ። በገዳይነቱ፣ በፍሬው ብዛትና በተባይ መቋቋሙ የተመረጠው ዓይነት 44 የሚል ቁጥር ተሰጠው። እንዶድ ሴቴና ወንዴው የተለያየ ተክል በመሆኑ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው። ስለዚህ የተመረጠውን ዓይነት ሳይለወጥ ለማባዛት ከዘር ይልቅ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ይመረጣል።

የፍሬው ኃይል የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባሉ አረፋ አውጪ ውህዶች ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የኬሚስትሪ ጥናቱ ሲካሄድ ዋናው ገዳይ ውህድ ተለይቶ በአክሊሉ አባት ስም፣ ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ፍሬው ሳይፈጭ ኃይሉ የተሸሸገ ነው፤ ሲወቀጥና በውሃ ሲርስ ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ሥራውን ይሠራና ውህዱን ይቀሰቅሰዋል። አጣቢዎቹ ሴቶች መውቀጥና መዘፍዘፍ የተማሩት ከልምድ ነው፤ ኬሚስትሪው ምክንያቱን ከጊዜ በኋላ አስረዳ።

እንዶድ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ መደጋገም ይፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። ሰው ቢጠጣው መርዝ ነው፤ እንደ ባህል መድኃኒት የሚወስዱት ሰዎች ለከባድ አደጋ ይጋለጣሉ። በሌላ በኩል በውሃ ውስጥ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ ሳይቆይ ስለሚበሰብስ ወንዙን ለረዥም ጊዜ አይበክልም። አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው ጥቅሙንም ጉዳቱንም በጽሑፎቻቸው ይፋ አድርገዋል።

የረዥሙ ደጅ ጥናት

ከአድዋው ውጤት በኋላ እንዶድ በመላው አፍሪካ ይስፋፋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በጊዜው ቀንድ አውጣ ለመግደል በዓለም ጤና ድርጅት የሚመከረው በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚመረተው ባይሉሳይድ ነበር። ዋጋው ድሃ አገሮች በሰፊው ሊገዙት የሚችሉት አልነበረም። እንዶድ እንዲፈቀድ ደግሞ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብ መሠረት እንዲረጋገጥ ተጠየቀ።

ጥያቄው በራሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕዝብ በሚጠጣው ወንዝ ላይ የሚረጭ ነገር ሁሉ በጥንቃቄ መፈተን አለበት። ችግሩ ፈተናው የሚካሄድበት ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አለመኖሩ፣ ገንዘቡም አለመገኘቱ ነበር። በኢትዮጵያውያን የተሠራው ሥራ በኢትዮጵያ ስለተሠራ ብቻ በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሰጠ። በኦታዋ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ በጆን ላምበርት የተመራ ቡድንም የደኅንነት ምርመራውን በሚጠየቀው ደንብ መሠረት አከናወነ። ከመጀመሪያው ግኝት እስከዚያ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ተቆጥሯል።

በእነዚያ ዓመታት አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በኋላም በጣሊያኗ ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለዋል። ከአገር ቢርቁም ጉዳዩን አልተዉትም። በጽሑፍም በንግግርም ደጋግመው ያነሱት ሐሳብ አንድ ነበር፤ የአፍሪካን ሳይንስ የሚያንቀው የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን አፍሪካዊ ተመራማሪ ያገኘውን ነገር አሳንሶ የማየት ዝንባሌም ጭምር ነው።

ሁለት መንገዶች በአንድ ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደዮሐንስ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ድሃው ሕዝብ በአቅሙ ሊጠቀምበት የሚችል የቢልሃርዚያ መከላከያ ስላገኙና ለዚያም ሳይታክቱ ስለተሟገቱ ነው።

በዚያው ዓመት በኮምፒውተር ዓለም ተመሳሳይ ጥያቄ ሌላ መልስ አገኘ። አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ የሚባለውን ሰነድ አወጡ። የሶፍትዌር ኮድ ለፕሮግራሙ እንደ አሠራር መመሪያ ነው፤ ኮዱ ከተደበቀ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ይጠቀማል እንጂ ውስጡን አያውቅም፣ አይጠግንም፣ አያሻሽልም። ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ግን ኮዱን ለሁሉም ያሳያል። የስቶልማን ፈቃድ ደግሞ አንድ ቁልፍ ሐሳብ ጨመረ። ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ያሻሻለውን ለሌላ ሲያከፋፍል ግን እርሱም በተራው ክፍት አድርጎ መስጠት አለበት። ከጋራ ማድ የተቆረሰ እንጀራ ለብቻ አይቆለፍበትም እንደ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ሩቅ አይደለም። የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ መሠረት የሆነው ሊኑክስ በዚሁ ፈቃድ የተሰራጨ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓትም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ኢትዮጵያ ለራሷ እንዲስማማ አድርጋ ስትጠቀምበት ኮዱን ለማየት ፈቃድ አልለመነችም።

እንዶድ ግን እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም። አክሊሉ ዕውቀቱን በይፋ አሳትመዋል፤ ሴቶቹም ለዘመናት በነጻ ተካፍለውታል። ሁሉም እንዲጠቀም የተከፈተ ነበር፤ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ሕግ ግን አልነበረም።

ፓተንቱ

መዘዙ ብዙም ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በአንድ መጤ እንስሳ ተወረሩ። እንስሳው እንደ ሜዳ አህያ ሽንትር ያለበት፣ ሁለት ዛጎል ያለው የውሃ ፍጥረት ሲሆን የውሃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ አስከተለ። አክሊሉ ለክብር ዲግሪ ወደ ኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ወቅት ችግሩን ሰሙ፤ እንዶድ በእነዚህ እንስሳት ላይ እንዲሞከር በር ከፈቱ። ሙከራው ተሳካ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን አጠቃቀም የሚመለከት የአሜሪካ ፓተንት ወጣ። አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም የፓተንቱ ባለቤት ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች በሰነዱ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ ኢትዮጵያም ከጥቅሙ ድርሻ አልተያዘላትም። በእርግጥ ፓተንቱ ገበሬው በጓሮው እንዶድ እንዳይተክል አልከለከለም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የወጣ ተክልና ከኢትዮጵያ የወጣ ዕውቀት በሌላ አገር አዲስ ጥቅም ሲያስገኝ ምንጩ የተዘነጋበት ምሳሌ ሆኖ በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ። ለአክሊሉም ይህ የሕይወታቸው መራራ ምዕራፍ ነበር። ለመርዳት የከፈቱት በር ከኋላቸው ተዘጋ።

ከእርሳቸው በኋላ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እየተባለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወጣት ተመራማሪዎችን ያፈራል። ቢልሃርዚያን ለማከም ዛሬ በዋናነት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። ክኒኑ ትሉን ከሰውነት ያጠፋል እንጂ ሰውየው ተመልሶ ወደ ውሃው ሲገባ ዳግም ከመያዝ አይጠብቀውም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውሃና የቀንድ አውጣ ቁጥጥር እንዳስፈላጊነታቸው ቀጥለዋል፤ የአክሊሉ ጥናትም ዋጋው አልቀነሰም።

ከእንዶድ ታሪክ አገሪቱም ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ተመራማሪ የአገሪቱን የዕፅዋት ሀብትና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት፣ ጥቅም ሲገኝም መጋራት አለበት። የአካባቢው ሕዝብ እርስ በርሱ ዘርና ዕውቀት የሚለዋወጥበትን ልማድ ግን አዋጁ አይነካም። ጎረቤት ለጎረቤት እንደ ቀድሞው በነጻ ይሰጣል፤ ከውጭ የሚመጣ ወሳጅ ግን ይጠየቃል። የስቶልማን ፈቃድ ለኮድ ካደረገው ጋር መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም የጋራ የሆነው ነገር ለአንድ ወገን ብቻ እንዳይቀር ይጠብቃሉ።

ለዶዮገና ገበሬ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። የእንሰት ዓይነቶችን በስም ለይቶ የሚያውቀው፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛውስ ለስብራት እንደሚበጅ፣ የትኛው አጠውልግን እንደሚቋቋም የሚናገረው እርሱና ባለቤቱ ናቸው። በወረዳዋ የሚታወቀው የማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራም የቆመው በገበሬዎች ምርጫና በጋራ በሚጠቀሙባቸው አውራ በጎች ላይ ነው። ይህ ሁሉ ባለቤት አልባ ዕውቀት አይደለም። ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ብቻ ባለቤት የሌለው ይመስላል።

ተመራማሪ ወደ መንደሩ ሲመጣ መረጃ መንፈግ መፍትሔ አይሆንም። አክሊሉ ሴቶቹን ባይጠይቁ፣ ሴቶቹም ባያሳዩአቸው ኖሮ ግኝቱ ባልኖረ ነበር። የሚሻለው ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚጠቀምበትና ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ፣ ጥርጣሬ ሲኖርም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማሳወቅ ነው። የዓይነቶቹን ስምና ጥቅም ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቆ በጽሑፍ ማስቀመጥም ለቀበሌው የተማሩ ወጣቶች የሚከብድ ሥራ አይደለም። በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ሲያሹ የነበሩት ሴቶች ስም ሳይጻፍ ቀርቷል። በዶዮገና የእንሰት ጓሮ ውስጥ ያሉት እናቶች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ስማቸውና ዕውቀታቸው ለመጻፍ ጊዜው አልረፈደም።